የቀኝ ወንበር ዋጋ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቀላ ባለው የአባያ ሐይቅ አጠገብ አርባ ምንጭ የሚያርፈው ባለ ሁለት ሞተር ዳሽ ኤይት አውሮፕላን ከፊት ሁለት ወንበሮች አሉት። በግራው ዋናው አብራሪ፣ በቀኙ ረዳቱ ይቀመጣሉ። ከአየር መንገዱ ትምህርት ቤት የወጡ ጀማሪዎች መጀመሪያ ከሚመደቡባቸው አውሮፕላኖች አንዱ ይኸው ዳሽ ስለ ሆነ፣ በቀኙ ወንበር ላይ የሚታየው ፊት ብዙ ጊዜ የወጣት ፊት ነው። ሲቀላም ይሁን ሴቻ የሚኖር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ቀና ሲል የሚመኘው ያንን ወንበር ነው። እዚያ እንዴት ይደረሳል? ስንት ዓመት ይፈጃል? ስንት ብር ይጠይቃል?

መንገዱ ሁለት ነው ይባላል። አንደኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማስታወቂያ እስኪያወጣ መጠበቅ፣ መመዝገብ፣ የጽሑፍ ፈተናውን፣ ቃለ መጠይቁንና የሕክምና ምርመራውን ማለፍ፣ ዋስ ጠርቶ ውል መፈረም፣ ሠልጥኖም ለዓመታት ማገልገል ነው። ሁለተኛው ከፍሎ አቋራጩን መያዝ ነው፤ አዲስ አበባ ባለ የግል ማሠልጠኛ፣ ናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ በተኰለኰሉት የበረራ ትምህርት ቤቶች፣ ደቡብ አፍሪካ ወይም ሲበዛ አሜሪካ ተምሮ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ የአብራሪነት ፈቃድ ይዞ መመለስ። ከላንቴና ከጫኖ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ በማድረስ ኑሮውን ያቃና የአርባ ምንጭ አባወራ፣ አለኝ ከሚለው ሀብት ትልቁ አይሱዙው ነው። ሁለተኛው መንገድ ታዲያ የሚጠይቀው ያንን አይሱዙ ነው። አንዳንዴም አይሱዙውንና ቤቱን አንድ ላይ።

ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ።

አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የምትባል የፈረንሳይ ሥሪት ስትሆን፣ ከጅቡቲ አብርሮ ያመጣት አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ንጉሥ ተፈሪ መኰንን አውሮፕላን ገዙ፤ ፈረንሳውያን አስተማሪዎች ቀጠሩ፤ ወጣቶች አስመርጠው ሥልጠና አስጀመሩ። ወጪው የመንግሥት ነበር። ጊዜው ግን ዛሬ እንኳ ፈጣን የሚባል ነው። አባቱ ሩሲያዊ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆኑት ሚሽካ ባቢቼፍ እና ባልደረባው አስፋው አሊ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1930፣ አገሪቱ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን ካየች ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይርቅ ፈቃዳቸውን ያዙ። ከፈረስና ከበቅሎ ጀርባ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን! እነዚህ ሁለት ሰዎች የአቋራጩ መንገድ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው ማለት ይቻላል። ሆነም ሰመረላቸው። ለምን ሰመረላቸው የሚለው ግን ዋናው ነጥብ ነው፤ ፈቃዱን በኪሳቸው ሲከቱ የሚያበሩት አውሮፕላን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። የንጉሡ አውሮፕላን አብራሪ ፈልጎ ነው እነሱ የሠለጠኑት እንጂ፣ እነሱ ሠልጥነው አውሮፕላን ፍለጋ አልዞሩም።

በዚያው ዓመት ሌላ ዓይነት አብራሪም አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ትሪኒዳድ ተወልዶ ኒው ዮርክ ስሙን ያስጠራው፣ “የሐርለም ጥቁር ንስር” የሚሉት ሁበርት ጁሊያን። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በጃንጥላ ከሰማይ ወርዶ ሕዝቡን ጉድ አሰኘ፤ የኮሎኔልነት ማዕርግም አገኘ። ሞገሱ ግን ብዙ አልቈየም። ለጥቅምት 23 ቀን 1923ቱ የዘውድ በዓል ልምምድ ሲደረግ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሳሱላትን ጂፕሲ ሞዝ አንሥቶ ከሰከሳት፤ ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። ስለ ጁሊያን ብዙ ተጽፏል፤ ይህ ጸሐፊ ግን የሰውየውን ድፍረት ማቃለል አይፈልግም። በዚያ ዘመን ለጥቁር ሰው አብራሪ መሆን ቀርቶ ወደ አውሮፕላን መጠጋት ራሱ ትግል ነበር።

ትግሉ ምን ይመስል እንደ ነበር ለማወቅ ጆን ሮቢንሰንን መመልከት ይበቃል። ሮቢንሰን ታስኪጊ በሚባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት የአውቶሞቢል መካኒክነት ተምሮ ቺካጎ ገባ። ከርቲስ ራይት የተባለውን የበረራ ትምህርት ቤት ቢጠይቅ በቀለሙ ምክንያት አልቀበልም አለው። ምን አደረገ? እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ። መጥረጊያውን ይዞ ክፍል እየጠረገ መምህሩ የሚለውን ያዳምጥ ነበር። በመጨረሻ ተማሪ ሆኖ ገባ፤ ኋላም ለሌሎች ጥቁሮች በሩን ያስከፈተ እሱ ነው። በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ደርዘን ያህል ያልታጠቁ አውሮፕላኖች ብቻ የነበሩትን አየር ኃይል መራ፤ በጦርነቱ ጊዜ በአዲስ አበባና በጦር ግንባር መካከል መልእክት አመላለሰ። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣት ኢትዮጵያውያንን አሠለጠነ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሳቢያ እዚሁ አዲስ አበባ አረፈ። አቋራጭ አጥቶ በጓሮ በር የገባ ሰው ነው ለእኛ የበረራ አስተማሪ የሆነን።

አሁን ወደ አየር መንገዱ እንምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ። መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከአሜሪካ ጦር ትርፍ የተገዙ አምስት ሲ 47፣ በተለምዶ ስማቸው ዳኮታዎች ነበሩ። ቲ ደብልዩ ኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በውል ያስተዳድረው ስለ ነበር አብራሪዎቹም፣ አለቆቹም፣ ዋናዎቹ መካኒኮችም ፈረንጆች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ሥራውን እየተረከቡ እንዲሄዱ በውሉ ታስቦ ነበር፤ “እየተረከቡ” የምትለዋ ቃል ግን ረጅም ናት። ዓለማየሁ አበበ ዋና አብራሪ ሆኖ ዳኮታን በራሱ አዛዥነት ያበረረው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከመጀመሪያው በረራ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ! እነ ሚሽካ ፈቃድ ካወጡ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት ሊሆን ነው። የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱ በ1964 ተከፈተ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ወንበሩን የያዙት በ1971 ነው።

አርባ ምንጭ እንደ ከተማ ብቅ ያለችውም በዚያው ዘመን ነው። ደጋው ጨንቻ ላይ የነበረው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ወደ ቆላው፣ ወደ አርባዎቹ ምንጮች ሜዳ ወረደ። አየር መንገዱም መኪና የማይዘልቃቸውን የጠቅላይ ግዛት ከተሞች በዳኮታ የሚያገናኝበት ጊዜ ነበር። የጋሞ ሰው በበኩሉ አዲስ አበባን ያወቀው ቀድሞ፣ በእግሩ ነው። ከዶርዜና ከጨንቻ የመጣው ሸማኔ ሽሮ ሜዳ ከትሞ ልጁን ሙያ ሲያስተምር ከመወርወሪያው አያስጀምረውም። ልጁ መጀመሪያ ቀሰም ይጠቀልላል፤ ድር ያቀብላል፤ ቈይቶ ተራ ነጠላ ይሞክራል፤ ጥለቱ የመጨረሻ ነው። እግረ መንገዴን ይህን ያነሣሁት በዝግታ መማር ክቡር ነው ለማለት አይደለም። ብዙ ልጆች በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ትምህርታቸውን አጥተዋል። ይሁን እንጂ ቀሰም ጠቅላዩ ልጅ ሸማኔ ሲሆን የሚሸምንበት ዕቃ እዚያው ቤት ውስጥ አለ። የአየር መንገዱም ትምህርት ቤት አሠራር ከዚህ አይርቅም፤ የሚያስተምረው ለራሱ ወንበር ነው።

የዚህን ቀርፋፋ መንገድ ርዝመት ለመለካት የካፒቴን አምሳለ ጓሉን ታሪክ ማንሣት ጥሩ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርቷን ጨርሳ ነው አየር መንገዱ ማሠልጠኛ የገባችው። ሥልጠናዋን እ.ኤ.አ. በ2002 ፈጸመች። ከዚያ በቀኙ ወንበር ስምንት ዓመት ተቀመጠች። ጥቅምት 4 ቀን 2003 ዓ.ም. ወደ ጎንደርና አክሱም በተደረገ በረራ በዋና አብራሪነት ዳሽ ኤይቱን ስትመራ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። ዩኒቨርሲቲው፣ ሥልጠናው፣ የረዳትነቱ ዘመን ሲደመር አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ግን የሥልጠናዋ ዕዳ ሆኖ የተሸጠ የአባት ቤት የለም። ስምንቱንም ዓመት ደመወዝ እያገኘች ነበር።

አቋራጩ መንገድ በሌላው ዓለም እንዴት እንደሚሠራ ካልተገነዘብን ግን ፍርዳችን ጐደሎ ይሆናል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት የንግድ በረራ ፈቃድ ለማውጣት 200 የበረራ ሰዓት ይበቃል፤ ሥልጠናው በተፈቀደለት ትምህርት ቤት ተያይዞ ከተሰጠ 150። ዋና አብራሪ ለሚያደርገው ትልቁ ፈቃድ ግን 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። እንግዲህ ዘመናዊው አቋራጭ የሚሸጠው የመጀመሪያዎቹን 200 ሰዓታት ነው። ከ200 እስከ 1,500 ያለውን ማን ይሰጣል? ጨዋታው ሁሉ ያለው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

በአሜሪካ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ መሙያውም ብዙ ነው። የካቲት 5 ቀን 2001 ዓ.ም. የኮልጋን ኩባንያ አውሮፕላን ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ 50 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ አርባ ምንጭ የሚመላለሰው ዓይነት ዳሽ ኤይት ነበር። የሟቾቹ ቤተሰቦች ባደረጉት ግፊት ሕግ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የአሜሪካ አየር መንገዶች ረዳት አብራሪ እንኳ በመሠረቱ 1,500 ሰዓት ሳይኖረው እንዳይቀጥሩ ተደረገ። የሚገርመው የዚያች አውሮፕላን ካፒቴንም ረዳትም ከዚህ በላይ ሰዓት ነበራቸው፤ ረዳቷ 2,244፣ ካፒቴኑ 3,379። ሕጉ ቢኖር ኖሮ ሁለቱንም አያግዳቸውም ነበር። ያም ሆነ ይህ አሜሪካዊው ልጅ 250ኛ ሰዓቱ ላይ ፈቃዱን ይዞ እዚያው ተማሪ በነበረበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ይሆናል። ትናንሽ አውሮፕላኖች በየከተማው ሞልተዋል። እያስተማረ፣ እየተከፈለው፣ ሰዓቱን ይቈልላል። ለፈጣኑ ሥልጠና ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተበድሮም ቢሆን የሚከፍለው ይህን መሰላል አይቶ ነው።

ከአርባ ምንጭ በተማሪ ቪዛ የሄደው ልጅ ግን መሰላሉ ላይ መውጣት አይፈቀድለትም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ቪዛው ለመማር እንጂ ተቀጥሮ ለመሥራት አልተሰጠም። 200 ወይም 250 ሰዓቱን ይዞ ይመለሳል። አገሩ ገብቶ ፈቃዱን በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያስለውጣል። ከዚያስ? ፈቃዱ ትንሽ አውሮፕላን ያስበርረዋል እንጂ ዳሽ ኤይት አያስነካውም፤ ለእያንዳንዱ ትልቅ አውሮፕላን ታይፕ ሬቲንግ የሚባል ሌላ ሥልጠና አለ፤ እሱም በዶላር ነው። ሰዓት የሚያጠራቅምባት ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ በአገራችን እንደ ልብ አትገኝም። ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው። የግል ኩባንያ ከ20 መቀመጫ በላይ ያለው አውሮፕላን ይዞ እንዳይሠራ ለረጅም ጊዜ ተከልክሎ ነበር፤ ገደቡ ወደ 50 ከፍ ያለው ኋላ ነው። እናም በሴስና ካራቫንና በመሳሰሉት የሚሠሩ ጥቂት የግል ድርጅቶች ቢኖሩም፣ በርከት ያለ አብራሪ የሚቀጥረው ያው አንዱ አየር መንገድ ነው። አንዱ ቀጣሪ ደግሞ የራሱ ትምህርት ቤት አለው። የራሱን ልጆች ትቶ ከውጭ የመጣውን ለምን ያስቀድማል?

በሰዓት ቍጥር ላይ የሚደረገውን ክርክር ካነሣን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ያለቁትን 157 ሰዎች ሳያስታውሱ ማለፍ አይቻልም። የዚያ በረራ ረዳት አብራሪ አሕመድ ኑር መሐመድ 361 ሰዓት ነበረው። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 8,122። ይህ እንደ ተሰማ አንዳንድ የአሜሪካ ተናጋሪዎች ጣታቸውን በቀኙ ወንበር ላይ ቀሰሩ። ሐድሰን ወንዝ ላይ አውሮፕላን በማሳረፍ ስሙ የገነነው ካፒቴን ሰለንበርገርም ልምድ የሌለው ረዳት መቀመጡን ነቅፎ ነበር። በኋላ ግን ያንኑ ችግር በበረራ ማስመሰያ መሣሪያ ሞክሮ፣ አብራሪዎቹ ጊዜ እንዴት እንዳጠራቸው እንደ ተረዳው ለአሜሪካ ምክር ቤት መሰከረ። የኢትዮጵያ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት የአደጋውን ምክንያት ያኖሩት አፍንጫውን በተሳሳተ መረጃ ወደ ታች የሚደፋው የቦይንግ ሥርዓት ላይ ነው። ስለዚህ ጥቂት ሰዓት ያለው ረዳት ሁሉ አደጋ ነው የሚለውን ክስ አልቀበልም። በተመረጠ ትምህርት ቤት፣ በማስመሰያ መሣሪያ፣ በልምድ ጠገብ ካፒቴን ጐን የሚገኝ 300 ሰዓት፣ ለብቻ አንድ ሜዳ እየዞሩ ከተጠራቀመ 1,000 ሰዓት ሊበልጥ ይችላል። ግን ይህም ቢሆን የሚገኘው አየር መንገዱ ቤት ውስጥ ነው እንጂ በሽያጭ አይደለም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቈይ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ 100 ሺህ ዶላር የሚያስከፍል ሥልጠና ከውሳኔው በፊት 5.7 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ከውሳኔው በኋላ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሙዙ ግን የሚሸጠው በብር ነው። በመካከል የተያዘ ተማሪ፣ ግማሹን ከፍሎ ግማሹ እጥፍ የሆነበት፣ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም፤ ግማሽ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም።

እንዲህ ስል ቀርፋፋው መንገድ ፍትሐዊ ነው ማለቴ አይደለም። ማስታወቂያው መቼ እንደሚወጣ ተመዝጋቢው አያውቅም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከቦንኬ ወይም ከጨንቻ ደጋ የመጣ ልጅ ሒሳቡንና ፊዚክሱን እያወቀ በቋንቋው ሊወድቅ ይችላል። ቁመት ይለካል፤ ዓይን ይመረመራል። ውሉን ሲፈርም ዋስ ያስፈልገዋል፤ ድኻ ዘመድ ደግሞ ለዋስትና አይጠራም። ከፈረመም በኋላ ሌላ አየር መንገድ የተሻለ ደመወዝ ቢጠራው ዘመኑ ሳያልቅ አይሄድም፤ ቢሄድ ይከፍላል። በዚህ በኩል ውሉም ዕዳ ነው። አንዳንዱ ወላጅ “ልጄን ለዓመታት ከማሳስር ከፍዬ ነፃ ላውጣው” ቢል አልፈርድበትም። ክፍያው ነፃ የሚያወጣው ግን ተቀጣሪ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት የዓለም አውሮፕላኖች መሬት ሲቀሩ፣ በብድር ፈቃድ ያወጡ ወጣቶች በየአገሩ ወንበር አጥተው ዕዳ ሲቈጥሩ ታይተዋል።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ብዙ አይወራለትም። ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ያው የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ የጥገና ባለሙያዎችንም ያስተምራል። ሮቢንሰን የጀመረው በመፍቻ እንደ ነበር አይተናል። ወይም ልጁ እዚያው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስናውን ይማር። በ1979 ዓ.ም. ገደማ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተጀመረው ያ ቅጥር ግቢ ከቤቱ በባጃጅ የሚደረስበት ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ ዲግሪውን ይዞ ይፈተናል። ቢወድቅም መሐንዲስ ነው። አይሱዙውም መንገድ ላይ ነው።

ካሉ ደግሞ የሚችሉ፣ አሥር ሚሊዮን ብር ቢጠፋ ቤታቸው የማይናጋ፣ ይክፈሉ። ከመክፈላቸው በፊት ግን ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ የአንደኛ ደረጃውን የአብራሪ ሕክምና ምርመራ አስቀድመው ያስደርጉ፤ ከሥልጠናው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው፤ ዓይኑ ወይም ልቡ የማይፈቅድለትን ልጅ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይለያል። ሁለተኛ፣ ለማሠልጠኛው ኃላፊ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፤ ባለፈው ዓመትና ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከእናንተ ዘንድ ፈቃድ ያወጡት ልጆች ዛሬ ማን ዘንድ ተቀጥረው፣ የየትኛውን አውሮፕላን ቀኝ ወንበር ይዘው ይበርራሉ? ስማቸውንና የሚሠሩበትን ድርጅት እየጠራ የሚመልስ ካለ ወንበር ስበው ይቀመጡ።